ለሬህ ሁለት አፈሙዝ ምን ያደርጋል?

ባለፈው እትም ዝሆንና ጎሽ ስለሚታደንባቸው ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃዎች ጽፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ጥያቄዎች ግን አብዛኞቹ ስለ ዝሆን አይደሉም፤ ትንሽ ጥይት ስለሚጎርሱት ትንንሾቹ ናቸው። እኔም ደስ አለኝ። ዝሆን የሚያድን አንባቢ ያለን አይመስለኝም፣ ቢኖርም ቁጭ ብሎ ደብዳቤ አይጽፍም። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ፣ የጸሐፊዎቹን ስም ትቼ ነው ያቀረብኳቸው።

«ጉራ ብቻ አይደለም ወይ?»

ሰላም ጋሼ። የምኖረው ሽቱትጋርት ነው፣ የአደን ፈተናውን አልፌ ፈቃድ ያገኘሁት በቅርቡ ነው። አብረውኝ ከሚያድኑት መካከል አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ሁልጊዜ የሚይዙት 7 በ57 አር የሚባለውን ጥይት (የአረሩ ስፋት 7፣ የቀለሁ ርዝመት 57 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ «አር» ማለት ቀለሁ ከግርጌው ጠርዝ አለው ማለት ነው) የሚጎርስ ባለ ሁለት አፈሙዝ ነው። የሚያድኑት ደግሞ ሬህ ነው፣ ከፍየል የማትበልጥ አጋዘን። ጎሽ ሲመጣብህ ሁለተኛ ጥይት ወዲያው ያስፈልግሃል፣ እሱ ይገባኛል። ለሬህ ግን ምን ያደርጋል? ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። ጉራ ብቻ አይደለም ወይ?

መልስ፦ ጉራ የለበትም ብዬ አልሸነግልህም። አለበት። ጉራ ብቻ ቢሆን ግን ሽማግሌው ዝናብ ላይ ይዘውት አይወጡም ነበር፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ይሰቅሉት ነበር።

መጀመሪያ ታሪኩን እናስተካክል። ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ለዝሆን ተብሎ የተፈጠረ ይመስለናል፣ እንደዚያ አይደለም። ጠመንጃ በአፉ በኩል ባሩድና አረር እየተጠቀጠቀ በሚጎርስበት ዘመን አንዴ ተኩሰህ ካቆሰልክ፣ ሁለተኛውን እስክታጎርስ አውሬው ተራራውን ዞሮ ሄዷል። ስለዚህ ስኮትላንድ ተራራ ላይ ቀይ አጋዘን የሚያድኑ ባለጠጎች ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን ያሠሩ ነበር። የለንደኑ ጠመንጃ ሠሪ ጄምስ ፐርዲ እ.ኤ.አ. በ1856 እንዲህ ያሉ ፈጣን ጥይት የሚተኩሱ ጠመንጃዎች ሠርቶ «ኤክስፕረስ ትሬይን» ብሎ ጠራቸው፣ ያኔ ከባቡር የሚፈጥን ነገር አልነበረማ።

ከዚያ እነ ማውዘር መጡ። መቀርቀሪያውን ሳብ ገፋ ስታደርገው አምስት ጥይት በተራ የሚያጎርስ ጠመንጃ በደህና ዋጋ ተገኘ፣ ሁለተኛ ጥይት የሀብታም ብቻ መሆኑ ቀረ። ጎሽና ዝሆን የሚያድኑት «ያቺን አንድ ሰከንድ እኛ እንፈልጋታለን» ብለው በሁለት አፈሙዝ ጸኑ። (ሁሉም አይደሉም። ካራሞጆ ቤል የሚባለው ስኮትላንዳዊ ከ1000 በላይ ዝሆን ገድሏል፣ አብዛኛውንም በዚሁ በ7 በ57 ጥይት ነው፣ ያውም በባለ መቀርቀሪያ ጠመንጃ።) ሬህ የሚያድን ሰው ግን ስለዚያች ሰከንድ ምን አስጨነቀው? ብትስታት አትረግጥህም።

ታዲያ ምን ቀረ? አያያዙ ቀረ። መቀርቀሪያና የጥይት መጋዘን ስለሌለው፣ አፈሙዙ ሳያጥር ጠመንጃው በጠቅላላው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ያጥራል። ክብደቱ በሁለቱ እጆችህ መካከል ይሰበሰባል። ለዝሆን የሚሆነው፣ .470 የሚባለውን ጥይት የሚጎርሰው ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል፣ የሚወረውረው አረር 32 ግራም ነው፣ ክብደቱም የበዛው ትከሻህን እንዳይሰብረው ነው። የሽማግሌው ጠመንጃ አረር ግን 10 ግራም ገደማ ነው፣ ጠመንጃውም ከ3 ኪሎ ቢያልፍ ትንሽ ነው። ላንሳው እስኪ በላቸውና ፈቅደውልህ ትከሻህ ላይ አድርገው። ዓይንህ ያረፈበት ላይ አፈሙዙ ቀድሞህ ይደርሳል። ይህንን በወረቀት ማስረዳት ይከብደኛል፣ አንዴ የያዘው ሰው ግን ክርክር ያቆማል።

ሌላው ዝምታው ነው። የመጀመሪያው ጥይት ሲስት ሬህ ብዙ ጊዜ ወዲያው አትሮጥም። ድምፁ ከየት እንደመጣ አታውቅምና ጆሮዋን አቁማ ታዳምጣለች። ባለ መቀርቀሪያ የያዘው ሰው እጁን ያነሳል፣ ብረቱ ቀጭ ቋ ይላል፣ አለቀ። ሽማግሌው ግን ጣታቸውን ከፊተኛው ምላጭ ወደ ኋለኛው ማንሸራተት ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። ፊተኛው የቀኙን ይተኩሳል፣ ኋለኛው የግራውን። አቁስለዋት ከሆነም ሳትሰቃይ ይገላግሏታል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ክርክር ይህ ነው። በዚያ ላይ መተኮሻው ሁለት ነው፣ የአንዱ ሞላ ቢሰበር ሌላው ይሠራል።

7 በ57 አር መምረጣቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። በጀርመን የአደን ሕግ ለሬህ ጥይቱ 100 ሜትር ላይ ቢያንስ 1000 ጁል ጉልበት ሊኖረው ይገባል። ለቀይ አጋዘንና ለዱር አሳማ ደግሞ ስፋቱ ከ6.5 ሚሊ ሜትር እንዳያንስና 100 ሜትር ላይ 2000 ጁል እንዲኖረው ይጠየቃል። እሳቸው ሬህ ሲጠብቁ ድንገት የዱር አሳማ ብቅ ቢል ጥይታቸው ለሁለቱም ይበቃል።

አሁን ደግሞ የማትወደውን ልንገርህ። አዲስ ከሆነ ከ10 ሺህ ዩሮ በላይ የሚጠየቅበት ብዙ ነው። በዚያ ዋጋ አንድ አስተማማኝ ባለ መቀርቀሪያ ከነመነጽሩ ገዝተህ ብዙ ገንዘብ ይተርፍሃል፣ ከ150 ሜትር በላይም ከሽማግሌው አሳምረህ ትመታለህ። ገና ጀማሪ ነህ፣ መጀመሪያ እሱን ግዛ። ባለ ሁለት አፈሙዙ የትም አይሄድም፣ እነዚህ ጠመንጃዎች ከባለቤታቸው በላይ ነው ዕድሜያቸው።

«ሁለቱ ጥይቶች ተራርቀው ይመታሉ»

ጤና ይስጥልኝ። ቪየና ነው ያለሁት። ባለቤቴ ኦስትሪያዊ ነው፣ ከአባቱ 7 በ65 አር የሆነ ጎን ለጎን ባለ ሁለት አፈሙዝ ወርሷል፣ አብረን እናድናለን። የድሮው ጥይት አልቆ ሌላ ገዛን። አሁን በ80 ሜትር የቀኙና የግራው አንድ ስንዝር ያህል ተራርቀው ይመታሉ። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም እህቴ። አባቱ የሚያጎርሱትን ጥይት ነው የለመደው፣ እናንተ ደግሞ ሌላ ሰጣችሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ አፈሙዞች ትይዩ አይደሉም፣ ወደ ጫፋቸው እየተጠጋጉ ነው የሚሄዱት። የቀኙ ሲተኮስ ጠመንጃው ወደ ላይና ወደ ቀኝ ይወረወራል፣ የግራው ሲተኮስ ወደ ላይና ወደ ግራ። መወርወሩ የሚጀምረው ደግሞ ጥይቱ ገና አፈሙዙ ውስጥ እያለ ነው። ሠሪው ይህን መወርወር አስቀድሞ ገምቶ አፈሙዞቹን ወደ ውስጥ ያዘነብላቸዋል፣ ሁለቱም ጥይቶች አንድ ቦታ የሚያርፉት በዚህ ነው። ግን የገመተው ለአንድ ዓይነት ጥይት ነው፣ ለዚያ ክብደትና ለዚያ ፍጥነት።

አዲሱ ጥይት ከድሮው ቀርፋፋ ከሆነ አፈሙዙ ውስጥ በሰከንድ ሽራፊ ይዘገያል፣ ጠመንጃው ይበልጥ ይወረወራል፣ የቀኙ ወደ ቀኝ የግራው ወደ ግራ ይሸሻሉ። ከፈጠነ ተቃራኒው ይሆናል፣ ጥይቶቹ ይተላለፉና የቀኙ ከግራ በኩል ይመታል። ስለዚህ ገንዘብ ሳታወጡ ይህንን አድርጉ። ቀኙን ተኩሳችሁ ቀዳዳው ላይ «ቀ» ብላችሁ ጻፉ፣ ከዚያ ግራውን ተኩሳችሁ «ግ» ብላችሁ ጻፉ። «ቀ» በስተቀኝ ርቆ ከሄደ ፈጠን ያለ ጥይት ፈልጉ፣ ከተላለፉ ቀርፈፍ ያለ። የድሮው ጥይት ባዶ ካርቶን ቤት ውስጥ ወድቆ ከተገኘማ ግማሹ ሥራ አለቀ። ላዩ ላይ የተጻፈውን የአረር ክብደት አይታችሁ ያንኑ ፈልጉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ስትሞክሩ ሁለት ተኩሳችሁ ቁሙ፣ አፈሙዙን በእጃችሁ ዳስሱት፣ እስኪቀዘቅዝ ቡና ጠጡ። ሁለቱ አፈሙዞች እርስ በርስ የተበየዱ ናቸውና አንዱ ሲግል ሌላውን ይጎትተዋል። በላይ በላይ አሥር ጥይት ተኩሶ «ጠመንጃው ተዛባ» የሚል ሰው ብዙ አለ። የተዛባው የእሱ ትዕግሥት ነው።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ወደ ፈርላኽ ውሰዱት። ከእናንተ ሩቅ አይደለም፣ ደቡብ ኦስትሪያ ኬርንተን ውስጥ ነው። ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ጠመንጃ የሚሠራባት ትንሽ ከተማ ናት። እዚያ ይህን ሥራ የሚያውቁ እጆች አሉ። ሥራው በድሮው መንገድ ሲሠራ ማየት ደስ ይላል፤ ባለሙያው ቀኝ ግራ ይተኩሳል፣ ኢላማውን ያያል፣ የአፈሙዞቹን ጫፍ በእሳት ያሞቃል፣ ስታኞው ሲለሰልስ በመካከላቸው ያለችውን ሽብልቅ በትንሽ መዶሻ ነካ ያደርጋታል፣ ያቀዘቅዛል፣ እንደገና ይተኩሳል። ሽብልቋ የምትንቀሳቀሰው ከፀጉር ውፍረት ብዙ ሳትበልጥ ነው፣ ኢላማው ላይ ግን ጣት ጣት ያህል ለውጥ ታያላችሁ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሊውል ይችላል። የእነዚህ ጠመንጃዎች ዋጋ የት እንደገባ የሚገባህ ይህንን ስታይ ነው። ጥይት አነስ ባለ ቁጥር ጠመንጃው ብዙም አይወረወርምና አፈሙዞቹን ወደ ውስጥ ማዘንበሉም ይቀንሳል፣ ልፋቱ ግን ያው ነው።

«በ.22 ሆርኔት አጋዘን ልምታ?»

ሰላም ነው? ቨርጂኒያ ነኝ። አንድ ሰው .22 ሆርኔት የሚባለውን ትንሽ ጥይት የሚጎርስ የጀርመን ባለ ሁለት አፈሙዝ ሊሸጥልኝ ነው። በጣም ያምራል፣ ግፊት የሚባል ነገር የለውም። ለአጋዘን ይሆነኛል?

መልስ፦ አይሆንህም ወንድሜ፣ ሕጉም አይፈቅድልህም። ቨርጂኒያ ውስጥ አጋዘን የሚመታበት ጠመንጃ ከ.23 ካሊበር (የስፋቱ ልክ በኢንች ነው) እንዳያንስ ሕግ አለ። ሕጉ ባይኖርም አልመክርህም ነበር። የሆርኔት አረር 3 ግራም ገደማ ነው፣ ጉልበቱም ከአፈሙዙ ሲወጣ እንኳ 1000 ጁል ቢሆን ነው። መቶ ሜትር ላይ ሲደርስ በጣም ይወርዳል፤ ጀርመኖች ራሳቸው ትንሿን ሬህ እንኳ በእሱ እንድትመታ የማይፈቅዱት ለዚህ ነው።

ለቀበሮ ወይ የእርሻ መሬት ለሚቆፍር ለዚያ ወፍራም ግራውንድሆግ ግን ከእሱ የሚመች አላውቅም። ድምፁ ትንሽ ነው፣ ከትከሻህ አይነቃነቅም፣ ጥይቱ የት እንዳረፈ በዓይንህ ታያለህ። ሰውዬው በደህና ዋጋ ከሰጠህ ግዛው። አጋዘን እመታበታለሁ ብለህ ግን አትግዛው።

«ሁለት አፈሙዝ፣ ሁለት ዓይነት ጥይት»

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ከትንንሾቹ ባለ ሁለት አፈሙዝ አንድ ብቻ ምረጥ ብትባል የቱን ትመርጣለህ? ምክንያትህንም ጨምርበት። (ከዙሪክ)

መልስ፦ ሳላቅማማ፣ በርግሽቱትሰን።

አልፕስ ተራራ ላይ የሚያድኑ ጀርመኖችና ኦስትሪያዎች የሚወዱት ነው። አፈሙዞቹ ጎን ለጎን ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ ነው የተቀመጡት፣ ጥይታቸውም አንድ አይደለም። ለምሳሌ አንዱ 5.6 በ50 አር ማግነም፣ ሌላው 7 በ65 አር። ቀደም ሲል ያልኩትን አስታውስ፣ በትንሽ ጥይት ዓለም የሁለተኛው አፈሙዝ የድሮ ምክንያት ጠፍቷል። በርግሽቱትሰን ግን አዲስ ምክንያት ሰጠው። ሁለተኛ ዕድል ሳይሆን ምርጫ።

ጠዋት ጋምስ የሚባለውን የተራራ ፍየል ፍለጋ ትወጣለህ። ሦስት ሰዓት ዳገት ነው፣ ሁለት ጠመንጃ ተሸክመህ አትወጣም። መንገድህ ላይ ማርሞት የሚባለው ጉድጓድ ውስጥ የሚኖር ትንሽ የተራራ እንስሳ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ፀሐይ ሲሞቅ ታገኛለህ። ያንን በ7 በ65 አር ብትመታው የሚተርፍህ ነገር የለም፣ ሥጋውም ስቡም ቆዳውም ተበጣጥሶ ያልቃል። ትንሿን ትተኩሳለህ። ጋምሱ ከሸለቆው ማዶ 180 ሜትር ላይ ሲቆም ደግሞ ትልቋ አለችህ። ያውም 7 በ65 አር ቀላል ጥይት አይደለም። ቪልሄልም ብሬኔከ የሚባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1917 ያወጣው ነው፣ ቀይ አጋዘን ይጥላል።

በዚህ ላይ የማስማማቱ ራስ ምታት ይቀልልሃል። አዳዲሶቹ ላይ አንደኛው አፈሙዝ ከሌላው ጋር ሙሉ በሙሉ አይበየድም፣ ጫፉ ላይ በብሎን ነው የሚስተካከለው። ጥይት ብትቀይር ፈርላኽ መሄድ የለብህም፣ ብሎኑን ትነካካለህ። መነጽርም ስለሚገጠምለት ለሩቅ ይሆናል።

ጉድለቱ? ምላጩ። ልብህ ሲመታ፣ ጣትህ በብርድ ሲደነዝዝ፣ ከሁለቱ ምላጭ የተሳሳተውን ትስባለህ። ለማርሞት ትልቋን ብትተኩስ ሥጋ ይበላሻል፣ ያን ያህል ነው። ለቀይ አጋዘን ትንሿን ብትተኩስ ግን ሕግ መጣስም ነው ጭካኔም ነው። ስለዚህ አሁንም አሁንም ባዶውን ተለማመድበት። ጣትህ ሳትጠይቀው የትኛው የቱ እንደሆነ እስኪያውቅ።

የእንግሊዞቹንስ ለምን አልመረጥክም የሚለኝ አይጠፋም። ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ .240 ጥይቱን ለባለ ሁለት አፈሙዝ ተብሎ ባለ ጠርዝ አድርጎም አውጥቶት ነበር፣ ቁንጅናው ልብ ይሰርቃል። ግን ጥይቱን ዛሬ ከየት ታገኛለህ? እኔ የምተኩሰውን ነው የምወደው።

«አባቴ የተወልኝ»

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ። አዲስ አበባ ነው የምኖረው። አባቴ ያወረሱኝ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ አለኝ። ጽሑፍህን ካነበብኩ በኋላ እንዲህ ካለው ይሆን ብዬ ተጠራጠርኩ። እንዴት ልለየው?

መልስ፦ እንደምን ሰነበቱ አባቴ። መጀመሪያ ጠመንጃውን ይስበሩትና (መክፈቻውን ገፋ አድርገው) ሁለቱም ጎሬ (ጥይቱ የሚገባበት ቀዳዳ) ባዶ መሆኑን በዓይንዎም በጣትዎም ያረጋግጡ። ከዚያ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙረው ከኋላ በኩል አጮልቀው ይመልከቱ። ውስጡ እንደ መስተዋት ልሙጥ ከሆነ ለወፍና ለጥንቸል ፍንጥርጣሪ የሚተኩስ ሾትገን ነው፣ እኛ አገር በየቤቱ ያለው አብዛኛው ይኸው ነው። እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ የሚዞሩ ቦዮች ካሉበት አረር የሚተኩሰው ነው፣ ያ ብርቅ ነው።

የቱም ይሁን የቱ፣ ውርስ ነው ብለው አይተውት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 የወረሱትንም ይመለከታልና ፈቃዱን ፖሊስ ዘንድ ሄደው ይጠይቁ። ለአደን ደግሞ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ለብቻው ነው፣ ያውም በተከለሉ የአደን ቀበሌዎች። ባሌና አርሲ ደጋ ላይ ለሚታደነው ለደጋ አጋዘን እንዲህ ያለው ጠመንጃ ብዙም አይመከርም፣ ከሩቅ ነው የሚተኮሰው። ጫካ ውስጥ ቅርብ ለቅርብ ለሚገኘው ለምኒልክ ድኩላ ግን በጣም የሚሆን ይመስለኛል።

«አሮጌ ልገዛ ነው፣ ምን ልይ?»

ፍራንክፈርት ነኝ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ዙል በምትባለው የጀርመን ከተማ የተሠራ ባለ ሁለት አፈሙዝ አገኘሁ። 8 በ57 ነው ብሎኛል ሻጩ። ደግሞ ባለ ጠርዙ ጥይት ውድ ነውና ጠርዝ የሌለውን ርካሹን ባጎርስበት ችግር አለው?

መልስ፦ ከኋለኛው ልጀምር። አታጎርስበት! ባለ ሁለት አፈሙዝ ሲከፈት ቀለሁን ጠርዙን ይዞ ነው የሚያወጣው፣ ጥይቱንም ጎሬው ውስጥ በቦታው የሚይዘው ጠርዙ ነው። «አር» የሚል ፊደል ያለበት ጠመንጃ «አር» ያለበትን ጥይት ብቻ ይጎርሳል።

ሁለተኛ፣ «8 በ57 ነው» ማለት ምንም ማለት አይደለም። አፈሙዞቹን ከሰደፉ ነቅለህ ከሥር ያለውን ማህተም አንብብ። «8 በ57 አይ አር» ካለ የሚተኩሰው አረር ስፋቱ .318 ኢንች ነው። «8 በ57 አይ አር ኤስ» ካለ .323 ኢንች ነው። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የምታገኘው አብዛኛው ሁለተኛው ነው። ሰፊውን ጥይት በጠባቡ አፈሙዝ መተኮስ ማለት ባሩዱ መውጫ እስኪያጣ ማፈን ነው፣ ፊትህ አጠገብ። ከጦርነቱ በፊት የተሠራ ከሆነ ጠባቡ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፣ ለእሱ የሚሆን ጥይት ዛሬም ይሠራል፣ ግን ፈልገህ ነው የምታገኘው።

ከዚያ አፈሙዞቹን በክር አንጠልጥለህ በጣትህ ጥፍር ቀስ አድርገህ ምታቸው። ጥርት ያለ ረጅም ድምፅ ከሰጡ ብየዳው ደህና ነው። ድፍን ያለ ወይ የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ከሰማህ የሆነ ቦታ ላይ ስታኞው ለቋል፣ ዋጋውን አስቀንስ ወይ ተወው። ሻጩ የተኮሰበትን ወረቀትም ጠይቀው፣ ቀኝና ግራ ተለይቶ የተጻፈበትን። «አለኝ ግን አሁን አጠገቤ የለም» ካለህ ወረቀቱ እስኪመጣ ገንዘቡን አትስጥ።

የማህተሙን ፎቶ በደንብ በሚታይ ብርሃን አንስተህ ላክልኝ፣ ዓመቱንና የመሞከሪያ ምልክቱን በሚቀጥለው እትም እናነበዋለን።